የእማዬ ሂስ

ሰኔ 8 ቀን 2017፣ እሑድ

የእድሩ ስብሰባ ዛሬ ከወትሮው ረዘመ። ሰፈራችን ለልማት ይነሳል የሚለውን ወሬ ዓመት ሙሉ ስንሰማው ነበር፤ ዛሬ ግን የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኃይሉ ራሳቸው ጠይቀው አረጋግጠው መጡ። ከአስፋልቱ በላይ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት፣ የእኛ ግቢ ጭምር፣ መስከረም ከጠባ በኋላ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ጫማ ጫማውን ያይ ነበር።

"ሁሉን ማስቀረት አንችልም" አሉ ጋሽ ኃይሉ። "አንድ ቤት ግን እንችል ይሆናል። የኢዶሳና የዘውዴ ቤት የሰፈሩ ታሪክ ሙዚየም ይሁንልን ብለን እንጠይቅ። ከቅርስ ቢሮ መርማሪዎች መጥተው አይተው ካመኑበት አይነካም።"

እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በእኛ ሳሎን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ አባቴ ኢዶሳ ቀን ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ማታ የሰፈሩን ጎልማሶች በነጻ ያስተምራል። እናቴ ዘውድነሽ ሴቶቹን ታደራጃለች። ሁለቱም አብዮቱን እንደ ሠርግ ቀን ነበር የጠበቁት። በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ አባቴን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እማዬን ወሰዷት፤ እሷ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመለሰች።

ጋሽ ኃይሉ ተናግረው ሲጨርሱ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ወረቀት የነካው ነገር ሁሉ የኔ ነው። እሺ አልኩ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሬዲዮ ትሰማለች። ድምፁን ቀነሰችው።

"ሙዚየም?"

"አዎ። ያንቺና የአባዬ ታሪክ።"

"ሰዎቹ ሊያዩ ሲመጡ እኔ የት ልሁን?"

ሳቅኩ። አንቺማ ዋናዋ ነሽ አልኳት። ሬዲዮውን መልሳ ጨመረችው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ከቅርስ ቢሮ አንዲት ባለሙያ መጣች። ክብረት ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ በዚህ ጭቃ ነጭ ስኒከር አድርጋ ዳገቱን ወጣች። ለማየት እንጂ ለመወሰን እንዳልመጣች አስቀድማ ነገረችኝ።

"የቤቱ ካርታ አላችሁ፣ እትዬ ለሊሴ?"

የለንም። ይህን ስናገር ሁልጊዜ እናደዳለሁ። ትርፍ ቤት ሲወረስ ለአንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ይቀርለት ነበር። እናትና አባቴ ግን ጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ብቻ ሳይሆን የሚኖሩበትንም ቤት በገዛ እጃቸው ለቀበሌው አስረከቡ። ያስገደዳቸው የለም። እንዲያውም ጸሐፊው ይሄኛው አይወረስም፣ ውሰዱት ብሎ መለሳቸው፤ በማግስቱ ካርታውን ይዘው ተመልሰው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በገዛ ቤታችን የቀበሌ ተከራዮች ነን።

ክብረት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ነበሩ እንዴ?" አለች።

"አንዷ ይኸው" አለቻት እማዬ ከአልጋዋ ሆና።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከኔ ይልቅ ከእማዬ ጋር ቆየች። ሲሳሳቁ ከኩሽና ይሰማኝ ነበር። ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ "ምንም አትንኩ፣ አዝ ኢት ኢዝ ይሁን" አለችኝ። "እማማ ራሳቸው እየኖሩበት መሆኑ ነው ዋናው። ሌላ ቦታ ይሄ የለም።"

ልጅ ናት። መርማሪዎች ዳገት የሚወጡት ፖፖና የመድኃኒት ብልቃጥ ለማየት አይደለም።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ማመልከቻው ገባ። መርማሪዎቹ የሚመጡት ሐምሌ 17 ነው። ልክ አንድ ወር።

የሳሎኑ ጣሪያ ያፈሳል። የሚታይ ዕቃ የለም። ከቢሮ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። ዕቃ የለም።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስፈልግ ዋልኩ። ከሁለት የፖለቲካ ሰዎች ቤት አንዲት በራሪ ወረቀት አልተገኘችም። ሁሉንም አቃጥለውታል፤ መጽሐፎቹን፣ ደብዳቤዎቹን፣ የአባዬን የትምህርት ማስታወሻ ሳይቀር።

አልበሙን አገኘሁት፤ ግን ምን ዋጋ አለው። እማዬ ሊይዟት ከመምጣታቸው በፊት በነበሩት ቀናት የጓደኞቻቸውን ፊት በጥፍር መቀስ አንድ በአንድ ቆርጣ ምድጃ ውስጥ ጨምራለች፤ ማንም ሰው በእነሱ ፎቶ እንዳይታወቅ። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ አሥራ አንድ ሰው ቆሟል፤ ፊት ያላቸው ሙሽራውና ሙሽራዋ ብቻ ናቸው። ልጅ ሆኜ ሌሎቹ ለምን ቀዳዳ ሆኑ ብዬ ስጠይቃት "በሕይወት እንዲኖሩ ነው" አለችኝ።

እና አልጋው አለ። አባዬን የወሰዱት ከዚህ የብረት አልጋ ላይ ነው። እማዬ ስትፈታ ከቀበሌው ዕቃ ቤት አውጥታ፣ አሸክማ አምጥታ፣ መልሳ ዘረጋችው። እነሆ አርባ ሁለት ዓመት በግድግዳው በኩል ትተኛለች። የዚያኛው ወገን የአባዬ ነው። ፍራሽ በተለወጠ ቁጥር የሚጎደጉደው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ለቅሶም አልተቀመጥንለትም፤ አስከሬኑን ያየ ሰው የለም ብላ እሺ አላለችም።

ሦስተኛው ነገር የሂስ ደብተሩ ነው። ይሄ ሌላ ሰው ቤት ያለ አይመስለኝም። አባዬና እማዬ በድርጅታቸው ስብሰባ ላይ ሂስና ግለ ሂስ ያደርጉ ነበር፤ ያንኑ ቤት አመጡት። ደብተሩ ኩሽና በር ላይ በሲባጎ ይንጠለጠላል። ቅር ያለው ሰው አይጮኽም፣ አያኮርፍም፤ ይጽፋል። መጀመሪያ የጥፋተኛው ጥሩ ነገር ይጻፋል፣ ቀጥሎ ጥፋቱ። ስድብ ክልክል ነው። ጥፋተኛው ከሥሩ "ተቀብያለሁ" ብሎ ይጽፋል፤ የሚያርምበትንም ቀን ያስቀምጣል። የድሮው ደብተር ተቃጥሏል፤ ይሄኛው እማዬ ከተፈታች ወዲህ ያለው ነው። ገልጬ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። "ለሊሴ እንግዳ ተቀባይ ናት። ወተት ግን ገንፍሎ እስኪያልቅ ቆማ ታያለች።" ከሥሩ በልጅነት እጄ፣ "ተቀብያለሁ። እስከ ዓርብ ይታረማል።"

እማዬ በአፏ ወቅሳኝ አታውቅም። ቅር ያላት ነገር ካለ ጠዋት ደብተሩ ላይ አገኘዋለሁ። ካልጻፈች ቅር አላላትም ማለት ነው። ከሌላ እናት ይሄ ይሻላል፤ ሰው የእናቱን ፊት እያየ አይጨነቅም።

ጋሽ ኃይሉ ከአንድ የተዘጋ ዳቦ ቤት የመስታወት ሳጥን አስመጡልኝ። ደብተሩን ከሲባጎው ፈትቼ ውስጡ አስቀመጥኩትና ቆለፍኩት። በጣም ያምራል። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ዛሬ እማዬን ወደ ጓሮ ክፍል አዛወርኳት። ለጊዜው ነው፤ መርማሪዎቹ እስኪመጡ፣ አሥራ አምስት ቀን ብቻ።

ሌላ መንገድ አልነበረም። መኝታ ቤቱ ቀለም መቀባት አለበት፤ ቀለሙ ደግሞ ለደረቷ አይሆንም። የኔ ክፍል የጣሪያው ውኃ ይወርድበታል፤ እኔ ራሴ ሳሎን ሶፋ ላይ ነኝ። ጓሮ ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱ ውስጥ የድሮ ጎረቤታችን አዴ ዳርቱ አለች፤ ሌላው ዕቃ ቤት ነበር። ዕቃውን አውጥቼ ጠረግኩት፣ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ አነጠፍኩ፣ ታጣፊውን አልጋ አስገባሁ። ሦስት ብርድ ልብስ ሰጥቻታለሁ። እኔም እማዬ ታስራ በነበረችበት አምስት ዓመት አጠገቡ ያለው ክፍል ውስጥ ከአዴ ዳርቱ ጋር ተኝቻለሁ፤ ምንም አልሆንኩም። ግድግዳው ያልብ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ያን ጊዜ ግን ጣሪያው ያረጀ ቆርቆሮ ነበር።

ስነግራት ትከራከረኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እድሜዋን በሙሉ ስትከራከር የኖረች ሰው ናት።

"እሺ" አለች።

"አሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው።"

"እሺ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።" ትራሷን ራሷ ያዘች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አልጋውን አየችው፤ የአባዬን ወገን በእጇ አስተካከለችና ወጣች።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ቀለሙ አልደርቅ አለ። የመርማሪዎቹ ቁጥር ከሦስት ወደ አምስት ከፍ ብሏል። ወንበር ከእድር።

እማዬን ሄጄ አየኋት። ደህና ነኝ አለች። ምንም የጻፈችው ነገር የለም።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ከቢሮ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። "እናቷን ጓሮ አስገብታ ቤቱን ሽክ አደረገችው አሉ" አለች አንዷ። ሌላዋ "የማን?" ስትላት፣ "የዚያች የመዝገብ ቤቷ" አለቻት። ዞሬ አላየሁም። ሰው የማያውቀውን ያወራል። ከፌርማታችን አንድ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ወጣሁ፤ እንጦጦ ፓርክ የሚሄዱት መኪኖች ጭቃ እየረጩኝ።

አዴ ዳርቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። አባቷ በዚሁ ዳገት ገብስ ያርስ ነበር፤ እሷ ጓሮአችን ከገባች ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ፊደል ያስቆጠረቻት እማዬ ናት፤ እማዬ ስትታሰር ደግሞ እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለዚህ እኔን ለመቆጣት ፈቃድ አትጠይቅም።

"ለሊሴ ኮ፣ የኔ ለሊሴ፣ ዘውዴ ሌሊቱን ስታስል ታድራለች። በግድግዳው እሰማታለሁ።"

"ለኔ ምንም አላለችኝም።"

"ላንቺማ ምን ትላለች? ሥራ ላይ ናት፣ እንዳትረብሺያት ትለኛለች።"

"ቅር ካላት ትጽፍ ነበር" አልኳት።

አዴ ዳርቱ "ምን ላይ?" አለች።

ቀለም ቀቢው ሲጠራኝ ወደ ውስጥ ገባሁ። የሳል ሽሮፕ ገዝቼ ለእማዬ ወሰድኩላት። አመሰገነችኝ። ሰባት ቀን ቀርቷል።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ጉርድ ሾላ ሄጄ ጽሑፎቹን አሳተምኩ። አሥራ አራት ጽሑፍ፣ በወፍራም ወረቀት፣ በላስቲክ ተለብጠው። ማተሚያ ቤቱ የአባዬን ስም "ኢድሳ" ብሎ አመጣልኝ። እንዲያስተካክለው ሁለት ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩት። አባዬ መቃብር የለውም፤ ስሙ በትልቅ ፊደል የሚጻፍበት ሌላ ቦታ የለም።

የጎብኚዎች መዝገብም ገዛሁ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ሰማያዊ። አራት ዓምድ በእጄ አሰመርኩበት፦ ቀን፣ ስም፣ ከየት መጡ፣ አስተያየት። በሩ አጠገብ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ እስክሪብቶውን ሰው እንዳይወስደው በዚያ በደብተሩ ሲባጎ አሰርኩት።

መኝታ ቤቱ አለቀ። አዲስ ፍራሽ አስገብቻለሁ፤ የድሮው ጉድጓድ ነበረው፣ አያምርም ነበር። ነጭ አንሶላ፣ ሁለት ትራስ። ሰው እንዳይቀመጥበት ዙሪያውን ገመድ አስሬበታለሁ። ከበሩ ላይ ቆሜ ሳየው አለቀስኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ለእማዬ ነገ አሳይሻለሁ ብያታለሁ። ነገ ግን ቢሮ ግማሽ ቀን መግባት አለብኝ፤ ከሰዓት ደግሞ ከጋሽ ኃይሉ ጋር ድንኳኑን ማየት አለ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

መጡ። አምስት ሰው፣ ከነክብረት። አንድ ሰዓት ተኩል ቆዩ። ጋሽ ኃይሉ ስለ ማታው ትምህርት ሲናገሩ ሰብሳቢው ራሳቸው መሐረብ አወጡ። የሠርጉን ፎቶ ቀረብ ብለው አዩ። የሂስ ደብተሩን በመስታወቱ ላይ ጎንበስ ብለው አንብበው ሳቁ። አልጋው ጋ ሲደርሱ ያንን ገመድ የነካ የለም።

ክብረት ብቻዬን ስሆን ያዘችኝ። "እማማስ? አሁን የት ነው የሚተኙት?"

"እኔ ጋ" አልኳት።

ግቢውን በመስኮት አየች።

ዝናቡ ድንገት ስለመጣ ተሯሩጠው ሄዱ። መዝገቡ ላይ ሳላስፈርማቸው። እንዴት ይሄን እረሳለሁ። ሌሎቹ እንግዶች ሲወጡ አዴ ዳርቱ እጄን ይዛ "መዝገቡን አይተሽዋል?" አለችኝ፤ ማንም አልፈረመበትም፣ ተዪኝ አልኳት። ውስጤ እየዘለለ ነበር። ሰብሳቢው ሲወጡ ምን አሉ? "እንዲህ ያለ ቤት አይፈርስም" አሉ። በጆሮዬ ሰማኋቸው።

ሮጬ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። በጋቢዋ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። "የአባትሽን ስም አነበቡ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ጮክ ብለው?" አዎ። ዓይኗን ጨፈነች።

ነገ እመልሳታለሁ። ዛሬ ሳሎኑ በጭቃ እግር ተበላሽቷል።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ትኩሳት አላት። ወደ ቤት አስገብቼ ሶፋው ላይ አስተኛኋት። አልጋው ላይ ላስተኛት ብዬ ነበር፤ መርማሪዎቹ ለፎቶ ሰኞ ሊመለሱ ይችላሉ አሉ ጋሽ ኃይሉ። እማዬም "ተዪው፣ አይቆሽሽ" አለችኝ። እሷ ናት ያለችው።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል። የሳንባ ምች ነው አለ ሐኪሙ። ሁለቱም ወገን።

"የሚተኙበት ክፍል እርጥበት አለው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የለውም" አልኩት። ዋናው ቤት የለውም።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ኦክስጅን ላይ ናት። ዛሬ ጭምብሉን አነሳችና አናገረችኝ።

"ቤቱ ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው።"

"አልጋው?"

"ተነጥፏል፣ እማዬ። ስትወጪ እዚያ ነው የምትተኚው።"

"በግድግዳው በኩል" አለች።

"በግድግዳው በኩል።"

ነርሷ ጭምብሉን መለሰችው። መርማሪዎቹ ሰኞም ሌላ ቀንም ለፎቶ አልመጡም።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

እማዬ አረፈች። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ጭምብሉን ልታነሳ እጇን ወደ ፊቷ ወሰደች፤ ምን ልትል እንደነበር አላውቅም።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ዛሬ ሰው ቀለል ስላለ እጽፋለሁ።

አስከሬኗን ከሆስፒታል አምጥተን ቤት ስናስገባ ሰዎቹ ለትንሽ ጊዜ አልጋዋ ላይ እናሳርፋት አሉ። ገመዱ ታስሮ ነበር። እኔ ራሴ ያሰርኩት ቋጠሮ እምቢ አለኝ፤ ቢላዋ የሚያመጣልኝ አጣሁ። የአስከሬን ሳጥኑ የተሸከሙትን ሰዎች ከበዳቸው። በመጨረሻ ወለሉ ላይ አሳረፉት፣ ከአልጋው ሥር።

ከቀብር መልስ እድርተኛው ደንቡን አደረገ። ሳሎኑን ባዶ አደረጉት። የመስታወቱ ሳጥን ኩሽና ገባ፤ ጽሑፎቹ ከግድግዳ ወርደው ቁም ሳጥን አናት ላይ ተከመሩ፤ መዝገቡም ከላያቸው። ፍራሽ ተነጠፈ፣ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። አንድ ወር ሙሉ የሠራሁት ሙዚየም በሩብ ሰዓት ውስጥ ቤት ሆነ። ሰው ተቀምጦበት ሳየው እንደ ልጅነቴ ሆነብኝ፤ ማታ ማታ አባዬ ሲያስተምር እንዲሁ ነበር የሚሞላው።

አዴ ዳርቱ የእማዬ ፎቶ አጠገብ የአባዬንም አስቀመጠች። "አርባ ሰባት ዓመት እንባው ቀርቶበታል" አለች። "እሷ እሺ አላለችም፤ አሁን ትከልክለን።" ከዚያ በአፋን ኦሮሞ ሙሾዋን ጀመረች፣ ለሁለቱም። ጋሽ ኃይሉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ ለአባዬ አለቀስኩ። ለእማዬ እንባ አልመጣልኝም።

ሰው እየመጣ "እግዜር ያጽናሽ፣ ጥሩ ልጅ ነበርሽላት" ይለኛል። አሜን እላለሁ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ደብዳቤው መጣ። ጋሽ ኃይሉ ሊያነቡልኝ ዳገቱን እየሮጡ ነው የወጡት፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ቤቱ ይቀራል። የሰፈሩ የታሪክ ሙዚየም ይሆናል። የሁለቱም ስም ተጽፏል።

ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ጓሮ ያሉት ሁለት ክፍሎች ታሪካዊ ይዘት ስለሌላቸው ይነሳሉ ይላል። አዴ ዳርቱ ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ይሰጣታል። ራሴ ሄጄ ነገርኳት። "ማል ጎና" አለች፤ ምን እናደርጋለን ማለቷ ነው። ቀጥላ፣ "እናትሽ እንኳን ይሄን አላየች" አለችኝ።

የቡሄ ልጆች ደጅ ላይ እየጨፈሩ ነበር። ለቅሶ ቤት ነው ብሎ አንድ ሰው መለሳቸው።

ቢሮ ሰዎች እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ይሁን እግዜር ያጽናሽ ማለት ግራ ይገባቸዋል።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

እማዬ አንድም ነገር አልጻፈችም። ይሄን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ቅር ቢላት ኖሮ ትጽፍ ነበር። ከአምስት ዓመት እስር ወጥታ የመጀመሪያው ጠዋት ላይ እንኳ ጽፋብኛለች፤ "ለሊሴ አድጋለች፣ ቁመናዋ ያምራል። እናቷን ስታይ ግን አዴ ዳርቱ ጀርባ ተደብቃለች።" ተቀብያለሁ ብዬ ፈርሜ፣ እስከ ነገ ይታረማል ብዬ ነበር። በማግስቱ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቤቱን መልሼ ማሰናዳት ጀመርኩ፤ ክብረት ነገ ትመጣለች። ጽሑፎቹን ከቁም ሳጥኑ አናት ሳወርድ መዝገቡ ወደቀ። አቧራውን ጠርጌ ገለጥኩት፤ ባዶ ነው ብዬ። ባዶ አልነበረም።

የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው መስመር። እጇን የትም አውቀዋለሁ፤ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ሰው እጅ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ ትልልቅ።

ቀን፦ 16/11/17

ስም፦ ዘውድነሽ

ከየት መጡ፦ ከጓሮ

አስተያየት፦ ለሊሴ ቤቱን በጥሩ ሁኔታ አሰናድታለች። የአባቷን ስም ሳትስት ጽፋለች፣ ልፋቷም ይታያል። ጓሮው ግን ይበርዳል።

መዝገቡን እንደያዝኩ ወደ ጓሮ ሄድኩ። አዴ ዳርቱ ዕቃዋን በማዳበሪያ ከረጢት እየከተተች ነበር። ስታየው ዓይኗን መለሰች።

"እኔ ነኝ ያስገባኋት" አለች። "አንቺ ቢሮ ነበርሽ። ልጎብኝ አለችኝ። እጇን ይዤ አዞርኳት፤ እያንዳንዱን ጽሑፍ አነበበች። አልጋው ጋ ብዙ ቆመች። ግቢ፣ ተኚ፣ ማን ያይሻል ብላት፣ የለም፣ ታስሯል እኮ አለች። ደብተሬ የት ነው አለችኝ። መስታወቱን አሳየኋት። ስትወጣ ይሄን አየች።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አይተሽዋል ወይ አልኩሽ እኮ፣ ለሊሴ ኮ።" ወቀሳ አልነበረበትም። ከረጢቱን ወደ ጎን አድርጋ አጠገቧ ቦታ ሠራችልኝ፤ ሴትዮዋ አሳድጋኛለች፣ እንዲህ ስሆን ምን እንደሚያስፈልገኝ ታውቃለች። ጭኗ ላይ ራሴን አድርጌ አለቀስኩ። የእማዬ ሞት ዛሬ ነው የገባኝ። ግድግዳው በጀርባዬ በኩል እርጥብ ነበር።

ሐምሌ 16 ነው የጻፈችው። ያን ቀን አንብቤው ቢሆን ኖሮ አሥራ ሦስት ቀን ነበረኝ። ያን ማታ ብመልሳት ትድን ነበር ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው የለም፤ ሐኪሙንም ዋሽቼዋለሁ።

አሁን ቤት ውስጥ ነኝ። የአልጋውን ገመድ በቢላዋ ቆረጥኩት። አዲሱን ፍራሽ አውጥቼ የድሮውን ከዕቃው መሐል ፈልጌ አገባሁት፤ ጉድጓዱ በግድግዳው በኩል እንዲሆን አድርጌ። አዴ ዳርቱን ቤትሽ እስኪፈርስ እዚህ ተኚ አልኳት። ክብረት ነገ ስትመጣ የምትለውን ትበል።

ከዚያ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። የቤታችን ደንብ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ከእማዬ መስመር ሥር "ተቀብያለሁ፣ ለሊሴ" ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የሚታረምበት ቀን መጻፍ አለበት። እስክሪብቶውን ይዤ እስካሁን ተቀምጫለሁ።